በሬው የጾም በርገር የቀመሰ ዕለት

ሰው ሕልሙን የሚያየው ሌሊት ነው። እኔ ሌሊት ስለ ኪራይ ስለማስብ ለሕልም ጊዜ የለኝም። ስለዚህ ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ በሁዳዴ አጋማሽ፣ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ባንኮኒው ላይ ክንዴን ተንተርሼ ሕልም አየሁ። እንዲህ ያለውን ሕልም ለጠላቴም አልመኝ።

ዘርጋው እባላለሁ። ሳሪስ ላይ የ«ቀይ ኮፍያ በርገር» ቅርንጫፍ አለኝ። ቅርንጫፍ አለኝ ማለት ኪራዩ የኔ፣ ላቡ የኔ፣ ጭሱ የኔ፣ ስሙ ግን የባሕር ማዶ ሰዎች ነው ማለት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት በሰው ስም በርገር ስጠብስ ኖርኩ። በራችን ላይ ቀይ ኮፍያ ያደረገ በሬ ተሥሏል፤ አውራ ጣቱን ቀስሮ ይስቃል። ኧረ በሬ አውራ ጣት የለውም ብዬ ገና ስንከፍት ተከራክሬ ነበር፤ የሰማኝ የለም። ደግሞስ ኑ ሥጋዬን ብሉ እያለ የሚገለፍጥ በሬ ምኑ እንደሚያስቀው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ችግሬን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ሕልሙ አይገባችሁም። የሳሪስ ሰው ይጾማል። ረቡዕ ይጾማል፣ ዓርብ ይጾማል፣ ሁዳዴ ሲገባማ ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ የበሬን ነገር አታንሱብኝ ይላል። ኮንትራቱ ግን ከሜኑው ውጭ አንዲት ነገር እንዳትሸጥ ይላል። ሜኑው ደግሞ ድንች ጥብሱን ካወጣችሁለት ሥጋ፣ አይብና እንቁላል ነው። እና እኔና ባለቤቴ ትርንጎ ምን አደረግን? የጾም በርገር ሠራን። ትርንጎ ሽንብራ ቀቅላ፣ ከድንችና ከቃሪያ ጋር ፈጭታ፣ ጠፍጥፋ ትጠብሰዋለች። በድብቅ ነው ታዲያ። ደንበኛው ገብቶ ግራ ቀኙን አይቶ «ያ ነገር አለ?» ይላታል፤ «አለ» ትለዋለች፤ በካኪ ወረቀት ጠቅልላ በባንኮኒው ሥር ታቀብለዋለች። የሚያየን ሰው ሐሺሽ የምንሸጥ ነው የሚመስለው። ሁዳዴን በየዓመቱ የምንሻገረው በሱ ነው፤ እሱ ባይኖር ይኼኔ ተዘግተን ነበር።

ዘንድሮ አንዱ ወሬኛ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈልን። ያውም ኮንትራቱ በሚታደስበት ወር! ዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ እልካለሁ አለ። ናሆም የሚባል ልጅ ነው፤ እኔ ስብሰባ ላይ አይቼዋለሁ፣ ትርንጎ ግን አታውቀውም። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የቀረ፣ ጫማውን ያለ ካልሲ የሚያደርግ ልጅ። እሱ «አይታደስ» ካለ ኮፍያው ይወርዳል፣ በሬው ይወርዳል፣ እኔም አብሬ እወርዳለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምን አውቃለሁ? ጠዋት ይመጣል ተብሎ ጠበቅነው፣ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ድካሙም ሥጋቱም ተደራርቦ እንቅልፍ ጣለኝ።

በሕልሜ እዚያው ቤቴ ውስጥ ነኝ። ግን ከባንኮኒው ኋላ የቆሙት ደንበኞቹ ናቸው። አስተናጋጆቼ ትሪያቸውን ይዘው እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፈዋል። እኔም ከነሽርጤ ከኋላቸው ተሰለፍኩ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ማይክራፎን ይዘው «ቀጣይ አስተናጋጅ!» እያሉ ይጣራሉ።

ተራዬ ደረሰ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«ላስተናግድዎ ነው፣ አባቴ።»

«በምን?»

«በፈለጉት።»

«የምፈልገውን እኔ በምን አውቄው! ልምድ አለህ?»

ደረቴን ነፋ አድርጌ «አሥራ ስምንት ዓመት» አልኩ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «አዬ! ልምድ ያለው አንቀበልም። ትናንት የከፈተ ቢሆን ጥሩ፤ ነገ የሚከፍት ቢሆን ደግሞ እጅግ ጥሩ።»

«ታዲያ አሥራ ስምንት ዓመቴን ምን ላድርገው?»

«እዚያ ጥግ ላይ አስቀምጠው።»

ወደ ጥጉ ዞርኩ። የስንቱ ሰው ዕድሜ ተቆልሏል መሰላችሁ! አንዳንዱ አቧራ ጠጥቷል፣ አንዳንዱ ገና ዘይት ዘይት ይሸታል። የኔንም ከላይ ጫንኩት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ወገቤን ይዤ ነው የተመለስኩት።

ወዲያው አንድ ሞተር ብስክሌት በሩን ጥሶ ገባ። ነጂው ከኋላው ያሰረውን ሣጥን ከፈተና ከውስጡ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ጎትቶ አወጣ።

«ያዘዝከው ደንበኛ ነው፤ ተረከበኝ።»

«እኔ እኮ ያዘዝኩት ሁለት ነው!»

«አንደኛው መንገድ ላይ ጠገበ።»

ሰውዬውን ዳበስኩት። «ይኼስ ቢሆን ቀዝቅዟል።»

«መንገዱ ዝግ ነው፣ ምን ላድርግህ። ደግሞ ሢሶው የድርጅታችን ድርሻ ነው» አለና እጁን ሰውዬው ሆድ ላይ አሳርፎ የምግብ ፍላጎቱን መዠረጠው። አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ሰውዬውን ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት። «ምን ልታዘዝ?»

«ምንም። ፍላጎቴን ወሰደብኝ እኮ፣ አላየህም?» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ዋይፋይ ግን አላችሁ?»

ደሜ ፈላ። በእውኑም ቢሆን በነዚህ ምግብ አድራሽ ሞተሮች የተቃጠልኩ ሰው ነኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት ናሆም በመስኮት ገባ። በበር ለምን አልገባህም ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ተቆጣጣሪ በፈለገበት ይገባል። የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱ ላይ ጣል አድርጓል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ድርጅቱ በየጊዜው እድሳት ይላል። መጀመሪያ የፕላስቲኩን ወንበር ጣሉ፣ እንጨት አድርጉ አለን፤ አደረግን። ቀጥሎ እንጨቱ ጊዜው አልፎበታል፣ ብረት ይሁን አለ፤ አደረግን። ዘንድሮ ደግሞ ወደ ፕላስቲክ ተመለሱ ብሏል። የመጀመሪያዎቹ ወንበሮች አማቴ ቤት አሉ፣ እነሱን ላምጣ ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ ትርንጎ ከለከለችኝ።

በሕልሜ ግን ናሆም ወንበሮቹን ዞር ብሎም አላያቸው። ደንበኞቹን አንድ በአንድ እየለካ ይዞር ጀመር።

«ጋሼ ዘርጋው፣ ወንበሮቹ ምንም አይሉም። ደንበኞቹ ናቸው ያረጁት። እድሳት ያስፈልጋቸዋል።»

«ሰውን እንዴት አድርጌ ነው የማድሰው?»

«እኒህ እትዬ ለምሳሌ» አለና ጥቁር ለብሰው ጥግ የተቀመጡ ሴትዮ ጋ ቆመ። «ቀለማቸው ከድርጅቱ ጋር አይሄድም።»

«ሐዘን ላይ ናቸው እኮ፣ አንተ ልጅ!»

«በቀይ ይዘኑ።»

ሴትዮዋ ቅር እንኳ አላላቸው። «ካላችሁ በቀይ ነዋ» ብለው ተነሡ።

ናሆም እጄን ይዞ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እንሂድ አለኝ። ታክሲ ውስጥ ገባን። ረዳቱ የብር ጥቅል ይዞ «እባካችሁ ሂሳብ ተቀበሉኝ» እያለ ይለምናል፤ ተሳፋሪው ሁሉ «ዝርዝር የለኝም፣ ኋላ» እያለ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞርበታል። ልጁ አሳዘነኝና ልቀበለው ስል ናሆም ክንዴን ቆነጠጠኝ። «አይለምዱብን!» አለኝ። ወራጅ አልን፤ ታክሲው ወርዶ እኛ ቀረን። ከዚያ እኛ ቆመን ሕንፃው ራሱ እየሮጠ መጥቶ ፊታችን ቆመ።

ውስጡ የተለየ ዓለም ነው። ኮሪደሩ ላይ ላሞች ፋይል አፋቸው ውስጥ ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሠራተኛው ሰው ግን በረት ውስጥ ነው፤ በር ላይ «ንክኪ ክልክል ነው፤ እየተሰበሰቡ ነው» የሚል ተለጥፏል። ትልቁ ክፍል ገባን። ረጅም ጠረጴዛ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ቀይ ኮፍያ ያደረገው በሬ ተቀምጧል። እኔን ሲያይ መሳቁን አቆመ። አቤት ሲያስፈራ! አሥራ ስምንት ዓመት ሲስቅ ብቻ ነው የማውቀው።

«አውራ ጣት የለውም ያልከው አንተ ነህ?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ በልጅነት ነው፣ በአላዋቂነት...»

አውራ ጣቱን አወጣና አፍንጫዬ ሥር ቀሰረው። ድፍን ያለ፣ የሰው የሚመስል አውራ ጣት ነው።

«ክሱን አንብብ!» አለው ናሆምን።

ናሆም ጉሮሮውን ጠረገ። «ተከሳሽ ሽንብራን በመጠቀም የከብትን ክብር ዝቅ አድርጓል።»

«ጌታዬ!» አልኩ፣ «ኧረ እኔ እንዲያውም ባለውለታዎ ነኝ! ስንት ሁዳዴ ቢላ እንዳይነካዎ ያደረግኩ ሰው እኮ ነኝ!»

በሬው ጠረጴዛውን በግንባሩ ደለቀው። «ማን አትርፈኝ አለህ? ይኼን ኮፍያ ያደረግኩት ለመትረፍ መሰለህ? እኔ በርገር ለመሆን የተማርኩ በሬ ነኝ! ልጆቼ ሥራ ፈትተው ቤት ተጎልተዋል። ጎረቤት ምን ይላል?»

ከኋላዬ ልቅሶ ተነሣ። ጥጆች ናቸው። አንዷ ላም «በሽንብራ ተተካን!» ብላ ደረቷን ትደቃለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በሉት። ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ስላላረድኳችሁ ይቅርታ ይባላል?

«ፍርድ!» አለ በሬው። «አሥራ ስምንት ዓመት ስማችንን ተሸክመህ ኖረሃል። አሁን ደግሞ እኛ ያንተን እንወስዳለን። ንቀሉለት!»

ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጥተው እላዬ ላይ ወጡ። ለካ ስሜ ግንባሬ ላይ በብሎን ታስሮ ኖሯል! በካቻቢቴ ይፈቱት ጀመር። «ዘ» ወለቀ። «ር» ወለቀ። «ጋ» ዝጎ እምቢ ቢላቸው በመዶሻ መቱት። «ው»ን ሲያወልቁ ቀለል አለኝ፤ ግን ክፉ ዓይነት መቅለል ነው፤ ባዶ ማዳበሪያ መሆን። ከዚያ ስሜን ወስደው ናሆም ግንባር ላይ ገጠሙት። ልክ ገጠመለት። ይሄ ነው ያናደደኝ።

በዚህ መሐል ትርንጎ ሽርጧን እንዳደረገች ገባች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ትርንጎ! ድረሽልኝ!»

ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኛ! ባልሽ!»

«ስምዎን ይንገሩኝ።»

አንቱ አለችኝ! ትርንጎ! በተጣላን ጊዜ ድስት ወርውራብኝ ታውቃለች፣ ሳምንት አኩርፋኝ ታውቃለች፤ አንቱ ግን ብላኝ አታውቅም። ከድስቱ የበለጠ ያመመኝ ይኼ ነው። ስሜን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ስም የለም። ታገልኩ፣ ታገልኩ፣ በመጨረሻ የወጣው «ቀይ ኮፍያ» ብቻ ነው።

«የቀይ ኮፍያ ሰው ኖት እንዴ?» አለች። ፊቷ ተለወጠ። «እንግዲያው አንድ አቤቱታ አለኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ባሌን ወስዳችሁ አልመለሳችሁልኝም። ጠዋት የናንተ፣ ማታ የናንተ፣ በበዓል የናንተ። ቤት የሚመጣው የዘይት ሽታው ብቻ ነው።»

አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ናሆምን አየችው፤ ግንባሩን አነበበች። «እንዴ፣ እዚህ ነህ? ና ዘርጋው፣ ቤታችን እንግባ።»

«እሺ፣ ትርንጎዬ» አላት ያ ቁርጭምጭሚታም! ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ።

ኡኡ አልኩ። በሬውም ላሞቹም ደነገጡ። እያለቀስኩ እጄን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ስከት አንድ ሙቅ ነገር ነካሁ፤ በካኪ የተጠቀለለ የጾም በርገር። አውጥቼ በሬው ፊት አስቀመጥኩት።

«ቅመሰው» አልኩት። አንተ ማለቴን ያወቅኩት ካልኩት በኋላ ነው። «መጀመሪያ ቅመሰው። ከዚያ የፈለግከውን አድርገኝ።»

በሬው አሸተተ። በቀስታ አንድ ጊዜ ገመጠ። አመነዠከው። ዋጠና እንደገና መልሶ አመነዠከው።

«ቃሪያ አለው?» አለኝ።

«አለው።»

«ማን ነው የሠራው?»

«ያቺ አሁን የወጣችው ሴት።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ከሥሩ መላጣ ነው። «ይኼን ሁሉ ዘመን» አለ፣ «በየበራችሁ አቁማችሁ ስታስቁኝ፣ አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ ሰው፣ አንተስ በልተሃል ወይ ብሎኝ አያውቅም!»

ላሞቹ በሙሉ ይንሰቀሰቁ ጀመር። እኔም አብሬ ተንሰቀሰቅኩ።

«ስሙን መልሱለት!» ብሎ አገሣ። «ኮንትራቱን አምጡ! አድሱለት! የጾም በርገሩም ይፈቀድለት!» ወረቀቱ መጣ። በሬው አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነከረና ወደ ላይ አነሣ። ጣቱ ሲወርድ እያየሁ ነው፤ ወረቀቱን ሊነካ ይህችን ታህል ቀርቶታል።

«ዘርጋው! አንተ ዘርጋው!»

ትርንጎ ናት። ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች። ባንኮኒው ላይ ነኝ፤ ክንዴ ደንዝዟል። ስሜን ጠራችው! አንተ ብላኛለች! እጇን ይዤ ሳምኩት። «እስቲ ድገሚው፣ አንተ በይኝ» አልኳት።

«ምን ነካህ? ተነሥ ባክህ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነኝ የሚል ሰው ይኸውልህ።»

ቀና ብል ናሆም ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። ከፊቱ ካኪ ወረቀት። አፉ ዳር የሽንብራ ፍርፋሪ። ለካ እኔ ሳንቀላፋ ገብቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ «ያ ነገር አለ?» ብሏታል። ትርንጎ ምኑን አውቃ! እንደ ልማዷ «አለ» ብላ አቀብላዋለች። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

«ጋሼ ዘርጋው» አለኝ አፉን እየጠረገ፣ «ሁለት በላሁ። ይቅርታ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። በጣም ነው የሚጣፍጠው። እዚሁ ሆኜ ለባሕር ማዶዎቹ ደወልኩ፣ ፎቶም ላክሁላቸው። ወደዱት። ኮንትራቱ ይታደስ ብለዋል።»

ተነሥቼ አቀፍኩት። ትርንጎ በሽርጧ ዓይኗን ጠረገች። አሥራ ስምንት ዓመት ጮኼ ያልሰማኝ ድርጅት በአንድ ከሰዓት ሰማኝ፤ ማመን አቃተኝ። እስክሪብቶ ሰጠኝ፤ ልፈርም ጎንበስ አልኩ።

«አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው» አለኝ። «የጾም በርገሩ ከእንግዲህ የድርጅቱ ነው። መጀመሪያ የሚጀመረውም፣ ለክብርዎ፣ በርስዎ ቅርንጫፍ ነው። ትልቅ ማስታወቂያ ይሰቀላል። ለሃምሳ ቀን ከሱ በቀር ሌላ አይሸጥም፤ ሥጋ ይቆማል። እስከዚያ ግን ምስጢር ስለሆነ አንድም እንዳትሸጡ።»

«መቼ ነው የሚጀመረው?»

ጫማውን አየ። «በፋሲካ።»

«በፋሲካ ዋዜማ?»

«በፋሲካ ዕለት፣ ጋሼ።»

ትርንጎ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አገሩ ሁሉ ሥጋ ላይ ነው። ከዓመቱ ውስጥ ሽንብራን ዞር ብሎ የሚያየው የማይኖርበትን ወቅት ፈልጉ ብትባሉ እሱን ነው የምታገኙት።

«አንተ» አልኩት፣ «አሁን ጾመኛ ነኝ አላልከኝም? ይኼን አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው እንጂ! ያን ቀን ጾም የለም፣ ሁሉም ሰው ይበላል አልኳቸው።»

«እና ምን አሉ?»

«'ሁሉም ሰው የሚበላ ከሆነማ ያን ቀን ነው መጀመር' አሉኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካልፈረሙ ግን፣ ጋሼ፣ ነገ መጥተው ኮፍያውን ያወርዱታል።»

ወረቀቱን አየሁት። ትርንጎን አየኋት። ፈረምኩ።

ትርንጎ መጥታ ፊርማውን ካየች በኋላ ፊቴ ላይ ጎንበስ ብላ ዓይኔን ትመረምር ጀመር። «ዘርጋው፣ በማርያም እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ፣ «ነቅተሃል?»